የዝንባሌ ገቢ፦ «ለመዝናናት ነው» የሚባለው ሥራና ግብሩ

ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ከደመወዙ ሌላ ምንም የማይሞክር ሰው ማግኘት እየከበደ ነው። አንዱ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይቀርጻል። አንዷ ማታ ማታ ለልደት የታዘዘ ኬክ ትጋግራለች። ሌላው ጓሮው ያለችውን ሰርቪስ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ያከራያል። ሥራቸውን ስትጠይቋቸው «መምህር ነኝ»፣ «ነርስ ነኝ» ይላሉ፤ ሌላውን «እሱማ ሳይድ ናት» ብለው ያልፉታል። ሐምሌ ሲገባና ሰፈሩ ስለ ግብር ሲያወራ ግን ጥያቄው ይመጣል፦ ይቺ ሳይድ ንግድ ናት ወይስ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ?

ጥያቄው ከነስሙ የመጣው ከአሜሪካ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ ግብራቸውን ሲያሳውቁ «ሆቢ ኢንካም» የሚባል ነገር ይገጥማቸዋል። በአማርኛ «የዝንባሌ ገቢ» ልንለው እንችላለን፤ ሰው ወዶና ደስ ብሎት ከሚሠራው፣ ትርፍን ዋና ዓላማው ካላደረገ ሥራ የሚያገኘው ገንዘብ ማለት ነው። «የትርፍ ጊዜ ገቢ» የሚለው አይመቸኝም። የሠርግ ቀራጩም በትርፍ ጊዜው ነው የሚሠራው፤ እሱ ግን ቀብድ ተቀብሎ፣ ዋጋ ቆርጦ፣ ረዳት ቀጥሮ ነው። መለያው ሰዓቱ ሳይሆን ዓላማው ነው።

የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ይህን ለመለየት ብዙ ይደክማል። ሥራው በሙያዊ መንገድ ይመራል? መዝገብ ይያዝለታል? ባለቤቱ ምን ያህል ጊዜ ያጠፋበታል? ባለፉት ዓመታት አትርፏል? እያለ ይጠይቃል። ከአምስት ዓመት በሦስቱ ያተረፈ ሥራ በጥቅሉ እንደ ንግድ ይገመታል። ይህ ሁሉ ድካም ምክንያት አለው። እዚያ የአንድ ሰው ደመወዝና የግል ንግዱ ውጤት በአንድ ቋት ስለሚደመር፣ ንግዱ የከሰረበት ሰው ኪሳራውን ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ግብሩን ማሳነስ ይችላል። ፈረስ ማርባት የሚወድ ሐኪም የፈረሱን ድርቆሽ በግብር ቅናሽ እንዳይገዛ ነው ሕጉ የወጣው። ሥራው ዝንባሌ ነው ከተባለ ገቢው ግብር ይከፈልበታል፤ ወጪው ግን ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከተሸጠው ዕቃ ዋጋ በቀር፣ አይቀነስም።

እኛ ዘንድ ቃሉ ያልተፈጠረው ይህ ክርክር ስለሌለ ይመስለኛል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ገቢ በየሠንጠረዡ ተለያይቶ ነው የሚሰላው፦ ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ በ«ለ»፣ ንግድ በ«ሐ»፣ ሌሎች ገቢዎች በ«መ»። የንግድ ኪሳራ በንግዱ ውስጥ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፍ ይሆናል እንጂ ወደ ደመወዝ አይሻገርም። ስለዚህ ኬክ ጋጋሪዋ መምህርት ብትከስር ከደመወዟ የሚቆረጠው ግብር ሳንቲም አይቀንስም። ያቺ የምትከራየው የጓሮ ሰርቪስም ዝንባሌም ንግድም ሳትሆን በ«ለ» ትቆጠራለች። (በአሜሪካም የግል ነጋዴ የሚሞላው ቅጽ «ስኬጁል ሲ» መባሉ ግጥምጥሞሽ ነው፤ የእኛም «ሐ» በእንግሊዝኛው ቅጂ ያው ነው።)

ታዲያ «ለመዝናናት ነው» ማለት እዚህ ያድናል? አዋጁ ንግድ የሚለው ለትርፍ የሚሠራን የኢንዱስትሪ፣ የንግድ ወይም የሙያ ሥራ ሁሉ ነው፤ ያለማቋረጥ ቢሠራም ለአጭር ጊዜ ቢሠራም። «ቅዳሜ ብቻ ነው»፣ «ለበዓል ብቻ ነው» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ንግድ አይደለም ቢባል እንኳ ገቢው አያመልጥም። በሌሎች ሠንጠረዦች ያልተያዘ ገቢ በ«መ» ሥር «ሌሎች ገቢዎች» ተብሎ 15 በመቶ ይጣልበታል፤ ያውም ወጪ ሳይቀነስ። መምህርቷ በዓመት የ90,000 ብር ኬክ ሸጠች እንበል፤ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ካርቶንና መብራት 60,000 ወሰደባት። የቀራት 30,000 ነው። በ«ሌሎች ገቢዎች» ብትያዝ ግብሯ 13,500 ብር ይሆናል፤ ከቀራት ግማሽ ሊደርስ ምን ቀረው? ነጋዴ ሆና ተመዝግባ ደረሰኝና መዝገብ ብትይዝ ግን ስሌቱ የሚነሳው ከ30,000ው ነው፤ በዚያም ላይ የመጀመሪያው የገቢ እርከን ከግብር ነፃ ነው። መዝገብ ለማይዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ደግሞ ቀለል ያለ አሰላል አለ። «ዝንባሌ ነው» ማለት እሷን ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም።

እንዲያም ሆኖ ሰው ንግድ ፈቃድ የሚፈራው ስለሚያስከትለው ነገር ነው። ፈቃድ ያወጣ ሰው ሥራውን ሲተው መልሶ ክሊራንስ ካልወሰደ፣ ያልሠራበት ዓመት ግብር ሊጠየቅበት ይችላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሳይመዘገቡ መቆየትም ግን የራሱ ዋጋ አለው። በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ከአንድ ሠዓሊ ሥዕል ቢገዛና ሠዓሊው ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ባይኖረው፣ ሆቴሉ ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ካለበት ክፍያ ላይ 30 በመቶ እንዲያስቀር አዋጁ ያዛል። ደመወዝተኛ ከሆነ ደግሞ ለደመወዙ የወጣው ቲን ለንግዱም ያገለግላል፤ አንድ ሰው ሁለት ቲን አይኖረውም።

የሚከፈለው የት ነው ለሚል፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ የታቦር ነጋዴ ግብር የሚገባው ለሲዳማ ክልል ነው። ኬክ የምትጋግረዋ መምህርት ወደ ክፍለ ከተማዋ ገቢዎች ስትሄድ ያለፉትን ወራት የዱቄትና የቅቤ ደረሰኝ ይዛ ብትሄድ ይሻላታል፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ እዚያ መስኮት ላይ እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው።