ከመቆፈሪያ ወደ መመርመሪያ፦ የናይሮቢ ትምህርት ቤቶች ጓሮ

ኬንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርትን ከጀመረች ወዲህ ሕፃናት ችግኝ ሲያፈሉና አፈር ሲመረምሩ ማየት የተለመደ ሆኗል። ነገሩ አዲስ ቢመስልም፣ የትምህርት ቤት ጓሮ በናይሮቢ ዙሪያ አንድ ምዕተ ዓመት ያስቆጠረና ክርክር ያልተለየው ታሪክ አለው።

በ1924 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው የፌልፕስ ስቶክስ ኮሚሽን የአፍሪካውያን ትምህርት ከመንደር ኑሮ ጋር እንዲያያዝ መከረ። በዓመቱ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በካቤቴ የጂንስ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስያሜው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ሕዝብ የገጠር ትምህርት ሀብታቸውን ከለገሱት ከአና ጂንስ የተወሰደ ነው። በዚያ የሠለጠኑ መምህራን በየመንደሩ እየተዘዋወሩ የጓሮ አትክልትን፣ የጤና አጠባበቅንና የእጅ ሥራን ያስፋፉ ነበር።

ሐሳቡ በጎ ቢመስልም ብዙ የኪኩዩ ወላጆች በጥርጣሬ ተመለከቱት። ለም መሬታቸው በሰፋሪዎች እጅ ገብቶ፣ ቡና መትከልም ተከልክለው ሳለ፣ ልጅን መቆፈሪያ ማስጨበጥ ለነጭ እርሻ ሠራተኛ ከማዘጋጀት የተለየ አልመሰላቸውም። በ1930ዎቹ የተስፋፉት ነጻ የኪኩዩ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛንና የቀለም ትምህርትን አጥብቀው የሹት በዚህም ምክንያት ነበር።

ከነጻነት በኋላ ጥያቄው መልኩን ቀየረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውና ኬንያንም ያካተተው የአፍሪካ የአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ፕሮግራም ሕፃናት ዘርን፣ ነፍሳትን፣ ውኃንና አሸዋን በእጃቸው እየነኩ እንዲመረምሩ አደረገ። ፕሮግራሙን በኬንያ የገመገሙት ኤሊኖር ዳክዎርዝ የቃል ጥናት ከመፈተን ይልቅ ልዩ ልዩ ቁሳቁስ አቅርበው ልጆቹ የሚያደርጉትን ተመለከቱ። በፕሮግራሙ ያለፉት ከሌሎቹ ይበልጥ ብዙና የተለያየ ነገር ሲሞክሩ ተገኙ።

በ1977 ደግሞ የሥነ ሕይወት ምሁሯ ዋንጋሪ ማታይ በናይሮቢ ካሙኩንጂ ሰባት ችግኞች በመትከል የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ጀመሩ። በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ያስታወሱት ቤተ ሙከራን ሳይሆን፣ በልጅነታቸው የእንቁራሪት እንቁላል ለማንሳት ይሞክሩበት የነበረውን ምንጭ ነው። ማታይ ለሀገር በቀል ዛፎች መከራከራቸው ለሐበሻ ነዋሪዎችም ትርጉም አለው፤ ዋንዛ፣ ዝግባና ሾላ በኬንያም በኢትዮጵያም ይበቅላሉና፣ ልጅ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ያገኘውን ዛፍ ከወላጆቹ በአማርኛ ስሙ ሊያውቀው ይችላል።

በ1985 የተጀመረው የ8-4-4 ሥርዓት ግብርናንና የእጅ ሥራን ለአንደኛ ደረጃ አስተማረ። ይሁንና የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የልጁን ዕጣ የሚወስን ስለነበር፣ ስለ አፈር ማጥናት አፈር ከመንካት ቀደመ። ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ነው።

እንግዲህ የካቤቴ ዘመን ወላጆች የተቃወሙት አፈሩን ሳይሆን፣ ልጃቸው ታዛዥ ብቻ ሆኖ መቅረቱን ነበር። የዛሬውም ጓሮ የሚመዘነው በዚያው ሚዛን ነው፦ ሕፃኑ እንዲቆፍር ብቻ ከታዘዘ የድሮው ጥርጣሬ ይመለሳል፤ ለምን እንደበቀለና ለምን እንደደረቀ ራሱ እንዲጠይቅ ከተፈቀደለት ግን ጓሮው በእርግጥ የትምህርት ገበታ ይሆናል።