የጉልበት ሥራ ዋጋ፦ ከመርካቶ ተራዎች እስከ መኖሪያ ግቢ

በመርካቶ የጉልበት ሥራ ዋጋ የሚቆረጠው ጭነቱ ከመሬት ከመነሳቱ በፊት በሚለዋወጡ ጥቂት ቃላት ነው። በእህል በረንዳ ኩንታል ከመኪና ወርዶ መጋዘን ሲገባም ሆነ፣ የከተማ ነዋሪ ከዚያው ከአዲስ ከተማ አካባቢ ሰው ጠርቶ ግቢውን ሲያስመነጥር፣ እንጨት ሲያስፈልጥና የጎርፍ ቦይ ሲያስጠርግ ዋጋውን የሚወስነው ድርድር ነው። በድርድሩ ደግሞ የዕለት ጉርሱን ገና ያላገኘው ወገን ብዙ መጠበቅ አይችልም። ከገጠር ለሥራ የመጣና የከተማውን ዋጋ የማያውቅ ሰው ሲሆን ጉዳቱ ይከፋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድን ሥልጣንና ተግባር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሚወሰን ጉዳይ ትቶታል። በብር የተቀመጠ ዝቅተኛ የክፍያ ወለል በአዋጁ ውስጥ የለም። አዋጁ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚደረግን ቅጥርና በራሱ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው ውል በቀጥታ አይሸፍንም። ስለዚህ ለአንድ ቀን ግቢ ለማጽዳት የተጠራ ሰው ዋነኛ መከታው ስምምነቱ ራሱ ነው፤ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። አንድን ተሸካሚ በየቀኑ እየጠራ፣ ሰዓቱንና ሥራውን እያዘዘ የሚያሠራ ነጋዴ ግን ነገሩ ይለያል። እርሱ አሠሪ ነውና በአዋጁ ይገዛል።

ለድርድሩ መነሻ የሚሆን መለኪያ ከመንግሥት ደመወዝ መውሰድ ይቻላል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6 ሺህ ብር ሆኗል። ለ26 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 231 ብር ገደማ ይመጣል። ይህን ቁጥር እንዳለ ለቀን ሠራተኛ መስጠት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የወር ደመወዝተኛው የዓመት ፈቃድና ጡረታ አለው፤ ቢታመምም ደመወዙ ወዲያው አይቋረጥም። የቀን ሠራተኛው ሥራ ሲጠብቅ የዋለበትን ቀን ማንም አይከፍለውም። በወር 17 ቀን ብቻ ሥራ የሚያገኝ ሰው ያንኑ 6 ሺህ ብር ለማግኘት በሠራበት በእያንዳንዱ ቀን 353 ብር ያህል ያስፈልገዋል። አሠሪው ለአንድ ቀን ሥራ ሲከፍል፣ ሰውየው ያለ ሥራ ለዋለበት ቀንም ድርሻውን መሸፈን አለበት ማለት ነው። ይህም ወለሉ እንጂ ጣሪያው አይደለም፤ ከባድ ሸክም፣ ደረጃ፣ አቧራ፣ የራስ ዶማና ገመድ ይዞ መምጣት ሁሉ ዋጋ አላቸው።

ሸክም ሲሆን ክፍያው በቀን ሳይሆን በኩንታል ወይም በቁርጥ ይነገራል። እዚህ ላይ ክብደቱ መረሳት የለበትም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ በእጅ የሚያጓጉዘው ጭነት ከ55 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ወገቡ የተጎዳ ተሸካሚ በማግሥቱ ገቢ የለውም፤ በኩንታል ጥቂት ብር ለመቀነስ ብዙ የሚከራከር ባለ ዕቃ ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ለሁለት ሰው የሚከፈለው ከአንዱ ቢበልጥም ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ዕድሜም መታየት አለበት። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መሳብና መግፋት ባለበት የጭነትና የመጋዘን ሥራ ላይ ማሰማራትን አይፈቅድም። በርካሽ ይሸከማል ተብሎ የሚጠራ ልጅ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ፍትሐዊ ክፍያ የለውም።

ባለ ዕቃውም የሚበደልበት ጊዜ አለ። ጫኝና አውራጆች ዕቃው ከወረደ በኋላ ዋጋ ሲጨምሩ ወይም ባለቤቱ በራሱ ሰው እንዳያወርድ ሲከለክሉ የሚሰማው ቅሬታ እውነተኛ ቅሬታ ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ስንት ኩንታል፣ ከየት እስከ የት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ምሳ የሚችለው ማን ነው የሚለውን ሥራው ሳይጀመር በምስክር ፊት መናገር። በግቢ ሥራም «አጽዳልኝ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ቆሻሻውን ማውጣት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው።

አርሶ አደሩ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በወንፈል አንድ ቀን የታረሰለት ሰው አንድ ቀን ይመልሳል፤ በደቦም የሥራው ባለቤት ያበላል፣ ያጠጣል። ቀኑን በቀን መመለስ በማይቻልበት ገበያ ግን ያ ሚዛን በገንዘብ ይተካል። ምግብም በደቦው ልማድ ከክፍያው ላይ የሚደረብ እንጂ የሚቀነስ አልነበረም። በአዋጁ በሚገዛ ቅጥር ደግሞ በስምምነት በዓይነት የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሠራተኛው ዝግጁ ሆኖ በእርሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ ቢውልም ደመወዙ ይገባዋል።

በዚሁ አዋጅ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው።