ጥርስና ራጅ፤ ከ1888 ዓ.ም. እስከ ዛሬ

በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ጥርስ ሕክምና ታሪክ ብንጽፍ የሚስቅብን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሲስቅ ግን የሚታየው ያው ጥርሱ ነውና፥ ነገሩን ከመናቁ አስቀድሞ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። በታሪክ ትምህርት ጊዜ የምንሰማው ስለ ዙፋንና ስለ ጦርነት ነው። ይሁን እንጂ የጥርስ ሕመም ይዞት ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው ዙፋኑም ጦሩም ትዝ አይለውም።

በአገራችን የጥርስ ነገር ከጥንት ጀምሮ የተናቀ አልነበረም። እዚሁ በእንጦጦ፥ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ዳገት፥ ማለዳ የሚወጡትንና የሚወርዱትን የተመለከተ ሰው፥ የወይራ ወይም የልምጭ መፋቂያ በአፉ የያዘ መንገደኛ ሳያይ አይመለስም። አያቶቻችንም ድዳቸውን ይነቀሱ የነበረው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ድድን ያጠነክራል በማለት ጭምር ነበር። ጥርስ የታመመ እንደ ሆነ ግን መፍትሔው አጭር ነው፤ ቅርንፉድ መንከስ፥ ካልተሻለም ወደ ወጌሻ ሄዶ በጉጠት ማስነቀል። ወጌሻው እጀ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እርሱም ሆነ በዚያን ዘመን የነበረው የአውሮፓ ሐኪም ከድድ በታች ያለውን አያዩም ነበርና፥ ሁለቱም በግምት ይሠሩ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንብንም። ሥሩ መግል መቋጠሩና አለመቋጠሩ በርግጥ የሚታወቀው ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ነበር።

ይህ ግምት የተሰበረበት ዓመት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም፤ 1888 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ዓመት ጥቅምት 29 ቀን (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1895) ቪልሄልም ሮንትገን የተባለ የጀርመን የፊዚክስ ሊቅ በቩርዝቡርግ ከተማ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘ። ምንነቱን ገና አላወቀውምና «ኤክስ» ብሎ ሰየመው። ግኝቱን በታኅሣሥ ወር ለዓለም ከገለጠ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ቆየ፥ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የብራውንሽቫይግ የጥርስ ሐኪም በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ የመስተዋት ሰሌዳ በገዛ አፉ ውስጥ አድርጎ፥ 25 ደቂቃ ሙሉ ጨረሩ እንዲያልፍበት ፈቀደ። የመጀመሪያው የጥርስ ራጅ ይህ ነው። እስቲ አንባቢ ሆይ፥ ሃያ አምስት ደቂቃ አፍህን ከፍተህ ሳትነቃነቅ ለመቀመጥ ሞክር!

ሮንትገን ጨረሩን ካገኘ አራት ወር ሳይሞላው፥ የካቲት 23 ቀን፥ የአድዋ ጦርነት ሆነ። ከጦርነቱ ተርፈው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ቁስለኞች መካከል አንዳንዶቹ በሥጋቸው ውስጥ ጥይት እንደ ተቀበረ ናፖሊ ገቡ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገደማ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም በከተማው ወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ በክንዳቸው የቀረውን ጥይት በአዲሱ ጨረር ፈልጎ አገኘው። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ያገለገለበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ እንደ ሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ስለዚህ በዓለም ታሪክ በራጅ መጀመሪያ የታየው የጦር ሜዳ ጥይት አባቶቻችን የተኮሱት ነው ማለት ነው። ይህን ስናነብ መኩራታችንን አንደብቅም፤ ዳሩ ግን የዚያ ወታደር ክንድም የሰው ክንድ ነበር። ራጅ የምንለውም ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የወረስነው ነው። በእኛ በኩል የቆሰሉትን ደግሞ ከድሉ በኋላ የመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል ጓድ ሲያክም ቆየ፤ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

አዲሱ ብርሃን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ኤድመንድ ኬልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በኒው ኦርሊንስ ከተማ ለብዙ ዓመታት በራጅ ሲሠራ፥ ጨረሩ እጁን በላው፤ መጀመሪያ ጣቶቹ፥ በኋላም ክንዱ ተቆረጠ። በ1928 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከዚያ ወዲህ የጨረሩ መጠን እየቀነሰ፥ ጥንቃቄውም እየጨመረ ሄደ። የሆነ ሆኖ ለዘጠና ዓመት ያህል የጥርስ ራጅ የሚነሣው በፊልም ነበር። ፊልሙ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ይታጠባል፥ ይለቀለቃል፥ ይደርቃል። መድኃኒቱ ያረጀ እንደ ሆነ ወይም ውኃው የጠፋ እንደ ሆነ ሥዕሉ ይበላሻልና ሕመምተኛው እንደገና ለጨረር ይቀመጣል።

በ1987 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ሙየን የተባለ የፈረንሳይ የጥርስ ሐኪም የፈጠረው መሣሪያ ለገበያ ሲቀርብ ፊልሙን የሚተካ ነገር ተገኘ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በፊልሙ ፈንታ አንዲት ጠፍጣፋ ሴንሰር በአፍ ውስጥ ትገባለች፤ በጥርሱ አልፎ የመጣውን ጨረር ሴንሰሯ ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጠዋለች፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ኤሌክትሪኩን በቁጥር መዝግቦ ከቁጥሩ ሥዕል ይሠራል። ዲጂታል ማለትም ይኸው ነው፤ በቁጥር የተጻፈ። ሥዕሉ በጥቂት ሰከንድ በመስኮቱ ላይ ይታያል፤ ከፊልሙ ያነሰ ጨረርም ይበቃዋል፤ ጨለማ ክፍልም መድኃኒትም አያሻውም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። ከኪዳነ ምሕረት ጠበል የተመለሱ አንዲት የሠፈራችንን እናት ወደ ክሊኒክ አድርሰን ነበር። ሐኪሟ ሥዕሉን በመስኮቱ ላይ አጉልታ፥ «እማማ፥ ይኸውልዎ፥ ይህች ጥቁር ቦታ መግል ናት። ሥሩን አጥበን ብንደፍነው ጥርሱ ይተርፍልዎታል» አለቻቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፥ «ይህ ሁሉ በእኔ አፍ ውስጥ ነው? እኔ እኮ ለመነቀል ነው የመጣሁት፥ ልጄ» አሉ። ጥርሱ አልተነቀለም። ወጌሻው ሲነቅል፥ ፊልሙም በሐኪሙ እጅ ብቻ ሲታይ፥ ሕመምተኛው በገዛ ጥርሱ ላይ የሚፈርድበት ማስረጃ አልነበረውም። ጠበሉና ክሊኒኩ ይጣላሉ የሚል ካለ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን ያስታውስ።

ከሥዕሉ ቀጥሎ የተለወጠው የሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራር ነው። ፍራንሷ ዱሬ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሰበውን፥ ቬርነር መርማንና ማርኮ ብራንዴስቲኒ በዙሪክ በ1985 እ.ኤ.አ. በሕመምተኛ ላይ ፈጸሙት፤ የጥርሱን ጉድጓድ በትንሽ ካሜራ ለክተው፥ መሙያውን ከሸክላ ድፍን በመሣሪያ ቀርጸው በዚያው ቀን ገጠሙለት። ዛሬ በአፍ ውስጥ የሚዞር ስካነር ያንን ጉሮሮ የሚዘጋ የልኬት ሊጥ ይተካል። በአዲስ አበባም ዲጂታል ራጅ ያላቸው የግል ክሊኒኮች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ መሣሪያዎች ግን የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የተሰበረው ዕቃ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነም ሐኪሙና ወጌሻው እንደገና እኩል ይሆናሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት የቀን ገቢዋን ይዛ ከዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ አትችልም። ይህን ሳይናገሩ ስለ መሣሪያው ብቻ ማድነቅ ለእኛ ግማሽ ታሪክ መጻፍ ነው።

ራጁ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ሊያገለግል የሚችለው፥ በአሳባችን፥ ግግ በሚባለው ነገር ላይ ነው። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው በድዱ ውስጥ ያበጠው ነገር ትል ነው እየተባለ ስል በሆነ ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። ፍል ያለ ነጭ ነገር ስለሚወጣም ወላጆች ያምናሉ። የወጣው ግን ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው። ከበታቹ የተቀመጠው የቋሚው ጥርስ እንቡጥም በብረቱ ይጎዳል። ልጁ አድጎ ወደ ሐኪም በመጣ ጊዜ የሥዕሉ መስኮት ይህን ያሳያል፤ ክራንቻ ሊኖርበት በሚገባው ሥፍራ የተጣመመ ጥርስ ይታያል፥ አለዚያም አጥንቱ ባዶ ነው። እናቲቱም ከልጇ አጠገብ ቆማ ታየዋለች።