የነፍስ ጨለማ ሌሊት

የነፍስ ጨለማ ሌሊት በክርስትና መንፈሳዊ ትምህርት አንድ አማኝ እግዚአብሔርን አጥብቆ እየፈለገ ሳለ ህልውናው የማይሰማውን፣ ጸሎቱ ጣዕም የሚያጣበትንና ጥርጣሬ የሚፈትነውን ጊዜ የሚገልጽ አባባል ነው። መነሻው የ16ኛው ክፍለ ዘመን እስፓንያዊ መነኩሴና ባለቅኔ ቅዱስ ዮሐንስ ዘመስቀል የጻፈው ግጥምና የግጥሙ ማብራሪያ ነው። በተለምዶ አባባሉ ለማንኛውም ከባድ ሐዘን ሲውል ይሰማል። በመጀመሪያ ትርጉሙ ግን ነፍስ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ለመሆን የምታልፍበት የመንጻት መንገድ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት

እግዚአብሔር እንደተሰወረባቸው የሚናገሩ አማኞች በመጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ናቸው። ኢዮብ እግዚአብሔርን በሁሉም አቅጣጫ ፈልጎ እንዳላገኘው ይናገራል። በመዝሙረ ዳዊት ደግሞ ሙሾ የሚመስሉ ብዙ መዝሙራት አሉ። አብዛኞቹ በምስጋና ወይም በተስፋ ሲያልቁ መዝሙር 88 (በግዕዙ ቁጥር 87) ግን መጽናኛ ሳይሰጥ ያበቃል፤ በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል «ጨለማ» ነው። ያም ሆኖ ዘማሪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው ለእግዚአብሔር ነው።

በአዲስ ኪዳን የታመመ ልጁን ወደ ኢየሱስ ያመጣው አባት (ማርቆስ 9) እምነቱንና አለማመኑን በአንድነት ይናዘዛል፤ ልጁም ይፈወሳል። ሐዋርያው ቶማስ የትንሣኤውን ዜና ሳያይ አላምንም ቢልም ከሌሎቹ ሐዋርያት ማኅበር አልተለየም፤ ከስምንት ቀን በኋላም ጌታን ያየው በመካከላቸው ሆኖ ነው (ዮሐንስ 20)። ኢየሱስ ራሱ በመስቀል ላይ የመዝሙር 22ን መክፈቻ ጮኾ መናገሩ ለዚህ ትምህርት ዋና መሠረት ተደርጎ ይጠቀሳል።

ዮሐንስ ዘመስቀልና የቶሌዶ እስር

ዮሐንስ በ1542 በአቪላ አቅራቢያ በምትገኘው ፎንቲቬሮስ ከድሃ ሸማኔ ቤተሰብ ተወለደ። በ1563 ወደ ቀርሜሎሳውያን ማኅበር ገባ። በ1567 ተሬዛ ዘአቪላን ካገኛት በኋላ ማኅበሩን ወደ ቀድሞ ጥብቅ ሥርዓቱ ለመመለስ ከጀመረችው ተሐድሶ ጋር ተባበረ። ተሐድሶውን የተቃወሙ የገዛ ማኅበሩ መነኮሳት በታኅሣሥ 1577 ያዙትና ቶሌዶ በሚገኝ ገዳም አሰሩት።

የታሰረበት ክፍል እጅግ ጠባብ ሲሆን ብርሃን የሚገባው በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ምግቡ ጥቂት ነበር፤ በመነኮሳቱም ፊት ይገረፍ ነበር። የሚያሳድዱት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ ጠላቶች ሳይሆኑ የገዛ ወንድሞቹ መሆናቸው መከራውን አክብዶበታል። ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 1578፣ የአልጋውን ጨርቅ ቀዳዶ በመቀጣጠል ሌሊት በመስኮት ወርዶ አመለጠ።

ብዙ ተመራማሪዎች ስለ ጨለማው ሌሊት የሚናገረውን ግጥም ዮሐንስ ከእስር ካመለጠ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እንደጻፈው ያምናሉ። ግጥሙ እያንዳንዳቸው አምስት ስንኝ ያላቸው ስምንት አንጓዎች አሉት። ስለ አምላክ በስም ሳይናገር አንዲት ወዳጅ በሌሊት ከቤት ተደብቃ ወጥታ የምትወደውን ስትገናኝ ይተርካል። ዮሐንስ በ1580ዎቹ «ወደ ቀርሜሎስ ተራራ መውጣት» እና «ጨለማ ሌሊት» የተባሉ ሁለት የስድ ንባብ መጻሕፍት በዚህ ግጥም ላይ ጽፏል። ሁለቱም ሳያልቁ ቀርተዋል። ዮሐንስ በ1591 አረፈ፤ በ1726 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመችው፤ በ1926 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መምህራን አንዱ ተባለ።

የሌሊቱ ደረጃዎች

ዮሐንስ ሌሊቱን በሁለት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው የስሜት ሌሊት ነው። በዚህ ጊዜ ጀማሪው በጸሎትና በጾም ያገኘው የነበረው ደስታ ይጠፋል። ዮሐንስ ይህን እናት ልጇን ጡት ከምታስጥልበት ጊዜ ጋር ያመሳስለዋል፤ ሕፃኑ የተተወ ይመስለዋል፣ እናቱ ግን በእግሩ እንዲሄድ እያስተማረችው ነው። ሁለተኛው የመንፈስ ሌሊት ሲሆን የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከብዳል። እዚህ ላይ እሳት የያዘው እርጥብ እንጨት ምሳሌ ይሆናል። እሳቱ መጀመሪያ እርጥበቱን ያወጣል፣ ያጠቁረዋል፣ ያስቀይመዋል፤ በመጨረሻ ግን እንጨቱን ራሱን እሳት ያደርገዋል።

በዮሐንስ ትምህርት ጨለማው የሚመጣው እግዚአብሔር ስለራቀ አይደለም። ደካማ ዓይን ፀሐይን ትኩር ብሎ ሲያይ እንደሚጨልምበት ሁሉ ነፍስም ከአቅሟ በላይ የሆነ ብርሃን ሲቀርባት ጨለማ ሆኖ ይሰማታል።

ሦስቱ ምልክቶች

ጸሎት የሚደርቀው በሌሊቱ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ኃጢአት፣ ቸልተኝነትና ሕመምም ያደርቁታል። ስለዚህ ዮሐንስ በመጽሐፉ ሦስት መለያ ምልክቶችን ያስቀምጣል፦

1. ሰውዬው በእግዚአብሔር ነገር ደስታ ባያገኝም በሌላ በምንም ነገር ደስታ አያገኝም። ችግሩ የዓለም ፍቅር ቢሆን ኖሮ ልቡ ወደዚያ ያዘነብል ነበር።
2. እግዚአብሔርን እንዳላገለገለና ወደ ኋላ እንደተመለሰ እያሰበ ይጨነቃል። ቸልተኛ ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም።
3. እንደ ቀድሞው በሐሳብና በምናብ ማሰላሰል ቢሞክርም አይችልም።

ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ የዮሐንስ ምክር በግድ የቀድሞውን ስሜት ለመመለስ አለመታገል፣ ጸሎትን አለመተውና በጸጥታ እግዚአብሔርን በፍቅር መጠበቅ ነው።

ከድባቴ ጋር ያለው ልዩነት

ዮሐንስ ራሱ በዘመኑ «ሜላንኮሊያ» ይባል የነበረውን ሕመም ከሌሊቱ ለይቶ ያነሳል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉም ይገልጻል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጄራልድ ሜይ በ2004 ስለ ጉዳዩ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱ መደራረባቸውንና አንዱ ሌላውን እንደማያስቀር ያስረዳል።

ልዩነቱ ተግባራዊ ጥቅም አለው። ድባቴ የያዘውን ሰው «ይህ መንፈሳዊ ፈተና ነው፣ ታገሥ» ብሎ ብቻ መመለስ ከሕክምና ሊያስቀረው ይችላል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ሲጠፉ፣ የዕለት ሥራ ሲያቅት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ሕክምናው ከጸሎት ጋር አይጋጭም።

በኋላ ዘመን የታወቁ ምሳሌዎች

ተሬዛ ዘሊዚዬ (1873–1897) ፈረንሳዊት ቀርሜሎሳዊት መነኩሲት ነበረች። በ1896 የስቅለት ሰሞን የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ታየባት፤ ከዚያው ፋሲካ ጀምሮ እስክትሞት ድረስ የሰማይ ቤት መኖሩን የሚጠራጠር ሐሳብ አልተለያትም። በዚያ ጊዜ ጸሎተ ሃይማኖትን በደሟ ጽፋ በደረቷ ትይዝ ነበር። ከማያምኑ ሰዎች ጋር በአንድ ማዕድ እንደተቀመጠች ትቆጥርና ስለ እነርሱ ትጸልይ ነበር።

ማዘር ተሬዛ (1910–1997) የፍቅር ሥራ ማኅበራቸውን ካልካታ ላይ በ1950 አቋቁመዋል። ሥራው ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በውስጣቸው የእግዚአብሔር ህልውና እንደማይሰማቸው ለንስሐ አባቶቻቸው ይጽፉ ነበር። በ1958 ለጥቂት ሳምንታት ካገኙት እረፍት በቀር ይህ ሁኔታ ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። ዮሴፍ ኖይነር የተባሉት ኢየሱሳዊ ካህን ጨለማው የሥራቸው መንፈሳዊ ገጽታ መሆኑን ካስረዷቸው በኋላ ሊቀበሉት እንደቻሉ ጽፈዋል። ደብዳቤዎቹ እንዲጠፉ ቢፈልጉም በ2007 ታትመዋል። ጸሐፊው ክሪስቶፈር ሂቸንስን የመሳሰሉ ተቺዎች ደብዳቤዎቹን እምነታቸውን ለማጣታቸው ማስረጃ አድርገው ወስደዋቸዋል። ሌሎች ደግሞ ስሜት ሳይኖር ድሆችን ዕድሜ ልክ ማገልገል የእምነት ምልክት ነው ይላሉ። ማዘር ተሬዛ በ2016 ቅድስት ተብለዋል።

በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት

በፕሮቴስታንት ትምህርት ተመሳሳይ ሐሳብ በሌላ ስም ይገኛል። ማርቲን ሉተር ነፍስን የሚያስጨንቀውን ፈተና በጀርመንኛ «አንፌክቱንግ» ይለው ነበር፤ የሃይማኖት መምህርን ከሚያበቁት ነገሮችም አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የ1646 የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ እውነተኛ አማኞች ስለ ድኅነታቸው ያላቸው እርግጠኝነት ሊናወጥ እንደሚችል፣ ነገር ግን ፈጽመው እንደማይጣሉ ይናገራል።

በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የዮሐንስ ዘመስቀል አከፋፈል ባይኖርም ጉዳዩ ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት ተጽፎበታል። የ7ኛው ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ማር ይስሐቅ በሶርያ ቋንቋ በጻፋቸው ድርሳናት በመናኝ ነፍስ ላይ ስለሚወርድ የጨለማ ሰዓት ያትታል። በዚያ ሰዓት ተስፋ መቁረጥና ጥርጣሬ እንደሚበረታ ገልጾ መናኙ ከበዓቱ እንዳይወጣ፣ መጸለይ ቢያቅተው እንኳ መጎናጸፊያውን ተከናንቦ ተኝቶ ሰዓቱ እስኪያልፍ እንዲጠብቅ ይመክራል።

የማር ይስሐቅ ሥራ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር «መጻሕፍተ መነኮሳት» በሚል ስም ይታወቃል። ሦስቱ መጻሕፍት የአማርኛ አንድምታ ትርጓሜ አላቸው፤ በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጉባኤያት ጋር በራሳቸው ጉባኤ ይተረጎማሉ።