ስማቸው ያልተጻፈ ሠዓልያን፤ ስለ ጠልሰምና ስለ ምን አለሽ ተራ

በመርካቶ ካሉት ተራዎች ብዙዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከሚሸጠው ዕቃ ነው፤ ሸማ ተራ፥ ምንጣፍ ተራ እየተባሉ ይጠራሉ። ምን አለሽ ተራ ግን ስሙ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የቀረበው ለሴት ነው።

የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ እንዳዛወረው፥ ስፍራውም በጣልያንኛ ገበያ ማለት በሆነው ቃል መርካቶ እንደ ተባለ የታወቀ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ ገበያው በቦታው ቀረ፤ እየሰፋም ሄደ። በዚሁ ገበያ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የተረፈና የተጣለ ዕቃ መሰብሰቢያ ሆነ። ቁራሌው በየመንደሩ እየዞረ ከየቤቱ የለቀመው ቆርቆሮ፥ ጠርሙስና ብረታ ብረት ወደዚያ ይገባል፤ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ፥ የመኪና ጎማው ተቆርጦ በረባሶ፥ ጣሳው ኩራዝ ሆኖ ይወጣል።

ነገራችን ስለ ሥዕል ሆኖ ሳለ ከዕቃ ገበያ መነሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የሥዕል ታሪክ እንደ አሮጌ ዕቃ ከደጅ ወድቆ የኖረ፥ ዋጋውም የታወቀው ሌላ ሰው መጥቶ «ምን አለሽ» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሆነ አንድ ታላቅ ክፍል አለ፤ እርሱም ጠልሰም ነው።

ጠልሰም በክታብ ላይ የሚሣል ሥዕል ነው። ክታቡ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ተፍቆ በተዘጋጀ ጠባብና ረጅም ብራና ላይ ይጻፋል፤ ቁመቱም ብዙ ጊዜ በሚይዘው ሰው ቁመት ልክ ይደረግ ነበር፤ ይኸውም ባለቤቱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይጠብቀው ዘንድ ነው። በላዩ በግዕዝ ከሚጻፉት ጸሎቶች መካከል ስለ ዓይነ ጥላ፥ ስለ ባርያና ስለ ሌጌዎን የሚነገሩት፥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ እንዳጠመዳቸው የሚያወሳው መርበብተ ሰሎሞን፥ እንዲሁም ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር እንደ ወጋት የሚተርከው ይገኛሉ። ይህ የመጨረሻው ወላድን ሴትና ሕፃኗን ለመጠበቅ የሚያዝ በመሆኑ ከክታብ ባለቤቶች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

በጸሎቶቹ መካከል የሚገኘው ሥዕል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየውን ሰው ያስደነግጣል። ከስምንት ማዕዘን ኮከብ መካከል የሰው ፊት ብቅ ይላል፤ አካል የሌለው ራስ በክንፍ ታጅቦ ይታያል፤ ሐረጉ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሄዶ መረብ ይሆናል፤ በየማዕዘኑም ዓይን ተደርድሯል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቁ ሙሉ ፊቱንና ሁለት ዓይኖቹን ሲያሳይ፥ ኃጥኡ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ እንዲታይ ሆኖ እንደሚሣል አንባቢ ያውቃል። በጠልሰም ግን ፊቱ የመልአክ ይሁን የጋኔን ሳይለይ ሁለቱንም ዓይኖች አፍጥጦ ይመለከታል። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ ሕመምተኛው ሥዕሉን ሲያይ በውስጡ ያደረው ክፉ መንፈስ በሕመምተኛው ዓይን በኩል የሚያስረውን ኃይል አይቶ ይሸሻል ተብሎ ይታመን ነበር። እንግዲህ ጠልሰም የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ሥዕል ነው።

እነዚህን ሥዕሎች የሠሩት ደብተሮች ናቸው። ዜማና ቅኔ የተማሩ፥ ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ የሚያውቁ ሊቃውንት ሲሆኑ፥ በአስማት ሥራቸው ግን ይፈሩና ይነቀፉ ነበር። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋዮችንና አስማተኞችን በብርቱ እንደ ተቃወሙ በዘመናቸው ከተጻፉት ድርሰቶች እንረዳለን። ስለዚህ ሥራው በጓዳ የሚሠራ፥ በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠል ምስጢር ሆነ። በክታቡ ላይ የሚጻፈው ስም የሕመምተኛው የክርስትና ስም ነው። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም በቦታው ይገባ ነበር። ስለዚህ በአንድ ብራና ላይ የሕመምተኞች ስም ሲፋቅና ሲተካ፥ የሠዓሊው ስም ግን ፊቱንም አልተጻፈም።

አሁን ዓይናችንን ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ አገር እናንሣ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1924 አንድሬ ብሬቶን የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በፓሪስ የሱሪያሊዝምን መግለጫ አወጣ። ሱሪያሊዝም ሕልምንና ከአእምሮ ቁጥጥር ውጭ የሚመነጨውን ምናብ የጥበብ ምንጭ ለማድረግ የተነሣ እንቅስቃሴ ነው። ከማኅበርተኞቹ አንዱ የነበረው ሚሼል ሌሪስ፥ ከእነርሱ ከተለየ በኋላ ማርሴል ግሪዮል ይመራው ከነበረው የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ጓድ ጋር በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገባ፤ በዚያም ስለ ዛር አምልኮ አጠና። ጓዱም ከጎንደር ሲመለስ ብዙ ክታቦችንና የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ወሰደ።

ይህ አጋጣሚ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የፓሪስ ባለቅኔዎችና ሠዓልያን በሕልም ውስጥ ሲፈልጉት የነበረው ዓይነት መልክ በጎንደር በድሆች አንገት ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ልዩነቱም የዚያኑ ያህል ታላቅ ነው፤ የፓሪሱ ሠዓሊ እንግዳ መልክን የፈለገው የረጋውን ዓለም ለማናወጥ ሲሆን፥ ደብተራው የፈለገው የተናወጠውን ሰው ለማርጋት ነው።

ሁለቱን መንገዶች ያገናኘው በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። በወጣትነቱ ወደ ለንደን፥ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዶ የኩባውን የዊፍሬዶ ላምንና የቺሊውን የሮቤርቶ ማታን ሥራ ተመለከተ፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ በኋላ በሸራው ላይ ብቅ ያሉት ዓይኖች፥ ክንፎችና ሐረጎች የአገሩን ክታብ የሚያስታውሱ ነበሩ። ወደ አገሩ ተመልሶም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1995 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሲያርፍ ስሙ በብዙ አገር የታወቀ ሠዓሊ ነበር።

የእስክንድር ዝና የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ምንጩን የቆፈሩት ሰዎች ስም ገና ተዳፍኖ ነበር። ከእነርሱ መካከል ገራና ጌዴዎን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከጥላው ወጡ። ዣክ መርሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ሥራቸውን ጠይቆ፥ ተረድቶ፥ ለዓለም አስተዋወቀ። ሁለቱም ጠልሰምን በወረቀት ላይ በስማቸው ሣሉ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 በኒውዮርክ ከተማ ስለ ኢትዮጵያ የፈውስ ሥዕል በተዘጋጀው ትርኢትም ሥራቸው ቀረበ። ለዘመናት በሕመምተኛው ስም ብቻ ሲጠራ የነበረው ሥዕል በሠዓሊው ስም ተጠራ ማለት ነው። የሚያሳዝነው፥ ጠያቂው ከሩቅ አገር መምጣቱ ነው።

ከገበያው ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ኤልያስ ስሜ የተባለው የአዲስ አበባ ሠዓሊ ከመርካቶና ከምን አለሽ ተራ የሚገዛውን ቁልፍ፥ ሽቦና የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ እየጠለፈና እየሰካ ከሩቅ ሲያዩት መሬትና ከተማ የሚመስል ሰፊ ሥዕል ይሠራል። ደብተራው የፊተኛውን ስም ፍቆ ብራናውን ለአዲስ ሕመምተኛ እንደ ሰጠ፥ ይህም ሠዓሊ ሌላው የጣለውን ወስዶ አዲስ ሕይወት ይሰጠዋል። ልማዱ አንድ ነው፤ እርሱን ከደብተራው የሚለየው ስሙን ለማወቅ መቻላችን ነው።

ይህን ሁሉ ማለታችን ክታብ የሐኪምን ቦታ ይያዝ ለማለት አይደለም፤ የታመመ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። የምንለው ስለ ሥዕሉና ስለ ሠዓሊው ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ መዘክሩ እንደነዚህ ያሉትን ቅርሶች ይጠብቃል፤ ሆኖም አንድ ተቋም የየቤቱን ሣጥን ሊከፍት አይችልም። መምህር ተማሪዎቹን፥ ተማሪም አያቱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ጥያቄውም ክታቡን ብቻ የሚመለከት አይሁን፤ ማን ጻፈው? ከየትኛው ደብር መጣ? በማን እጅ ተማረ? ተብሎ መልሱ በወረቀት ይስፈር። የመዝገብ ሥራ የሚሠራ ሹምም ቅርስ ሲመዘግብ ከባለቤቱ ስም ጎን ለሠዓሊው ስም የሚሆን አንድ መስመር ይተው።

ቁራሌው አሮጌውን ብረት ከእናቶቻችን ሲጠይቅ ኖሯል፤ የተማረው ክፍል የሚጠይቀውን ገና አልጠየቀም። ደብተራውን በዓይናቸው ያዩት፥ ስሙን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ በመሄዳቸው፥ የነገው ጠያቂ መልስ የሚሰጠው ሰው ላያገኝ ይችላል።