የጎረቤት እሳት

የሱዳንና የኢትዮጵያ ድንበር ጦርነትን አግዶ አያውቅም። በ1975 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ ሲያገረሽ ደርግ የጆን ጋራንግን ተዋጊዎች አስታጠቀ፤ ካርቱም በበኩሏ ለሻዕቢያና ለሕወሓት በሯን ከፈተች። ሁለቱም የጎረቤታቸውን ቤት አነደዱ እንጂ የራሳቸውን አላዳኑም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ በጋምቤላ ኢታንግ የተጠለለው ሱዳናዊ ክረምቱ ሲገባ ወደ ሸሸው ጦርነት ተመለሰ።

በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ከ60 ሺህ የማያንስ ሕዝብ ተከዜን እየተሻገረ ሱዳን ገባ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ስትነድ ደግሞ ስደቱ ተገልብጦ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሆነ።

በፉትስክሬይ ቡና ከሚጠጣው ወገን በሱዳን አልፎ የመጣው ጥቂት አይደለም። ሐቁን ያውቀዋል፦ ስደተኛን ያስጠጋ ይመሰገናል፤ የጎረቤትን ታጣቂ የሚያስታጥቅ ግን በገዛ ጣሪያው ላይ ክብሪት ይጭራል።