ሁለት ትሮትል ከአንድ ይበልጣል? የቆየ ቱርቦ መኪና ለሚገዙ

በቅርቡ መስቀል ፍላወር አካባቢ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ የቆየ ኒሳን 300 ዜድኤክስ ሊገዛ መሆኑን አጫወተኝ። ሻጩ ዋጋውን ሰቅሎበታል፤ ምክንያቱም «መኪናው ሁለት ትሮትል አለው» የሚል ነው። ወዳጄ ሕግ የተማርኩ ስለሆንኩ ውሉን እንዳይለት ፈልጎ ነበር። እኔ ግን ከውሉ በፊት መመርመር ያለበት ይህ ምክንያት ነው አልኩት።

ትሮትል ቦዲ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ በር ነው። በእነዚህ መኪኖች ፔዳሉን ስንረግጥ የምንከፍተው ይህን የአየር በር ነው፤ የነዳጁን መጠን ኮምፒውተሩ በገባው አየር ልክ ይወስናል። ቱርቦ ደግሞ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየሩን ከበሩ በፊት ይጨምቃል። እንግዲህ ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦው ነው። በሩ፣ ስፋቱ በቂ እስከሆነ ድረስ፣ የመጣለትን ያሳልፋል።

የበሩን ቁጥር በአብዛኛው የሚወስነው የሞተሩ አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው 300 ዜድኤክስ ስድስቱ ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ የተከፈሉ በመሆናቸው ሁለት ትሮትል ተሠርቶለታል። ቱርቦ የሌለው ወንድሙም ሁለት አለው! እ.ኤ.አ. በ1993 የመጣው ቶዮታ ሱፕራ ግን ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስለሆነ የሁለቱ ቱርቦዎች አየር ተገናኝቶ በአንድ ዋና ትሮትል ይገባል። የ1989ኙ ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር ለየሲሊንደሩ አንድ፣ በድምሩ ስድስት አለው። ጃፓን ውስጥ የሦስቱም ጉልበት በወረቀት 280 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ አምራቾቹ ከዚያ በላይ ላለማስተዋወቅ ተስማምተው ነበርና።

በየሲሊንደሩ የቀረበ ትሮትል ፔዳል ሲረገጥ ሞተሩን ፈጥኖ ያነቃዋል። ዋጋው ግን ጥገና ነው። ሁለቱ በሮች እኩል ካልተከፈቱ ወይም አንዱ ከቆሸሸ ሚኒሞው ይናወጣል። አንድ ትሮትል ለማስተካከል ይቀላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ ትሮትል ቢደራረብለትም አይመለስለትም። ጉድለቱን የሚሸፍነው ቱርቦ ነው፤ እሱም የበለጠ እየለፋ። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን የሚያውለው ቱርቦውን፣ የአየር ቱቦዎቹንና ፊልትሮውን በማስመርመር ላይ ይሁን።

የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወሰነ። እንዲህ ያለ መኪና ሲጠፋ ሌላ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሻጭም ይህን ያውቃል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ወዳጄን የመከርኩትም ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ በሚያምነው መካኒክ ያስፈትሽ፤ ሻጩ ስለ ሞተሩ የሚምለውንም በውሉ ላይ ያስጽፍ። ለመፈረም ካንገራገረ፣ ሁለቱ ትሮትሎች ለዋጋ መስቀያ ብቻ የተጠቀሱ ናቸው ማለት ነው።